ሸራው ያልደረሰለት

የጦሳ ብርድ እንግዳ አይደል፣ ባለቤት ነው፣ ቤቱን ያውቃል፤
ጥቅምት ሲያልቅ ከአናት ወርዶ፣ በአጥሬ ጥግ ቁጢጥ ይላል።
እኔ እንጂ ነኝ ለጓሮው ባዳ፤ ሠላሳ ዓመት መሪ ይዤ፣
ኮምቦልቻ ስጭን አድሬ፣ በባቲ ቁልቁል ተጉዤ፣
አሰብ ጨው ላይ ስቀቀል፣ ሚሌ አሸዋ ላይ ስነድ፣
ለካ ከቤቴ ጀርባ ነበር፣ ካሮት የሚያሳድግ ብርድ።

ጡረታ በወጣሁ ማግስት፣ ዘምዘም ዶማ ሰጠችኝ፤
«መሪ የለመደ እጅ፣ ሥራ ሲፈታ ያመዋል» አለችኝ።
መስከረም ጠብቶ፣ ጭቃው ሲጠብቅ፣ ድንጋይ ለቅሜ ቆፈርኩ፤
ከሰኞ ገበያ የበግ ፍግ በጋሪ አስጭኜ ጨመርኩ፤
ቆስጣ በረድፍ፣ ቀይ ሥር በረድፍ፣ ጥቅል ጎመን በየክንዱ፣
ተራ እንደሚጠብቅ መኪና፣ አፍንጫው ወደ መንገዱ።
ጎመን ደግሞ ዳር፣ ከአጥሩ ሥር፤ ዘሩን ዘምዘም ነች ያመጣችው፣
ከወረኢሉ፣ ከአክስቷ ቤት፣ በመሐረብ ጫፍ የቋጠረችው።

ካሮት ዘራሁ እንደ ጤፍ፤ እጄ ጭነት እንጂ ቅንጣት አያውቅ፤
በቀለ እንደ በግ ጠጉር፣ እርስ በርሱ ሲተናነቅ።
«አሳሳው» አለች። «ነፍስ ያለውን?»
«ዳገት ለሚወጣ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ስትል አልነበር አንተው?
ካሮትም ቁልቁል ዳገት አለው፤ መንገድ ዘጋህበት፣ ተው።»
ቁጭ ብላ ነቀለችልኝ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ፤
ኋላ ክር የሚያህለውን ጭራ፣ አፈር ጠርጌ ቀመስኩ።

ኅዳር ገባ። ጎመኑ ላይ ክሽክሽ ሰፈረ፣ ዱቄት መሳይ፤
ጋሽ ይማም ከአጥር ማዶ፣ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሲያይ፣
«ገልብጠህ እይ ቅጠሉን፣ ሳሙና በውኃ እርጭበት፤
ሾፌር አይደለህም እንዴ? ከሥር ነው ያለው ብልሽት።»

ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ፣ ሰማይ ጥርግ ብሎ ጠራ፤
ነፋስ የለም፣ ደመና የለም፣ ኮከብ ብቻ፣ ያውም ሲያበራ።
ሾፌር ሰማይ ማንበብ ያውቃል፤ «ዛሬ አመዳይ ይጥላል» አልኩ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ እንደ ድሮው፣ ሳልቀሰቀስ ባነንኩ።
ከቆጡ ላይ አወረድኩት፣ ያን ሸራዬን፣ የጭነቱን፣
ስንቱን ስኳር፣ ስንቱን ስሚንቶ፣ ከዝናብ የሸፈነውን፤
ይሸታል እስከ ዛሬ፣ ናፍጣ ናፍጣ፣ ሚሌ ሚሌ፤
ባትሪ ይዛ ዘምዘም ወጣች፦ «ጎማ ፈነዳ እንዴ፣ ከማሌ?»

ሰላጣውን አለበስነው፣ ቀይ ሥሩንም፣ ጥቅሉንም፤
ጠርዙን በድንጋይ ያዝነው፤ ካሮት ከአፈር በታች ነው፣ አይፈራም፤
ጎመን ግን፣ አንድ መደብ ጎመን፣ ሸራው እሱ ጋ አልደረሰም።
ሳብኩት፤ ሰላጣው ተገለጠ። መለስኩት፤ ጎመን ቀረ።
ጋቢዬን ላውልቅ አሰኘኝ፤ ለስንቱ ይሆናል? ቆሞ አደረ።

ኤሊዳር ላይ አንድ ቀን፣ ጋቢናዬ ሞልቶ ሳለ፣
በመስታወቴ እያነሰ፣ እጁን እንደ ዘረጋ የቀረ ሰው አለ።
ስሙን አላውቅ። ጎመኑን ሳይ፣ እሱ መጣብኝ ያን ሌሊት፤
አልተኛሁም፤ ቆርቆሮው በብርድ ሲንቋቋ አዳመጥኩት።

ሲነጋ ሣሩ ነጭ ነው፤ የጋሽ ይማም ድንች ጠቁሯል፤
እሳት የሄደበት ይመስላል። ለካ ብርድም ያቃጥላል።
ጎመኔ ተዝለፍልፎ፣ ጠርዙ ላይ ብርጭቆ አብቅሎ፣
ጆሮውን ጥሏል። «አትንካው» አለች ዘምዘም፣ «ይቅለጥ በራሱ፣ ቀስ ብሎ።»
ከአዝዋ ገደል ወዲያ ማዶ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ጎመኔ
ጀርባውን እያፍታታ ተነሣ፣ እንደ ሽማግሌ፣ እንደ እኔ።

በሳምንቱ ዓርብ ጋሽ ይማም፣ ከጁምዓ መልስ እኛ ጋ፤
ምሳው ጎመን፣ በቃሪያና በዘይት ብቻ፣ ያለ ሥጋ።
ጎረሰ። ዝም አለ። ደገመ። ሰሐኑን ሳብ አደረገ፤
ድንቹን ሊያማርር ነበር የመጣው፤ አፉ ጎመን ፈለገ።
«ምን ጨመርሽበት?» አለ ኋላ፣ «ስኳር ነው እንዴ? ጣፈጠ።»
ዘምዘም እኔን አየችኝ፤ ሳቋ ከከንፈሯ አመለጠ፤
«ብርድ» አለችው።

እኔም ሳቅሁ። ግን ጉርሻዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆየ፤
ጎመን ሥር አለው፤ ያ ሰው ግን፣ ከእኔ ኋላ መኪና አየ?