ሦስት ሳንቃ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪውን ሳነብ፣
ከቃሊቲ ገላን፣ በፀሐይ በዝናብ፣
በየሰው ግቢ ውስጥ ከውሻ ስጣላ፣
ውሃን በቁጥሯ እንጂ አላውቃት በሌላ።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ።
ጋቢው ደግ ነው፣ ይሞቃል፣
ግን በለበስኩት ቁጥር «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» ይለኛል።
እኔን ደግሞ መቆም አማረኝ፤
መቆም፣ ያውም ውሃ ላይ፣
መቅዘፊያ ይዤ፣ ቀጥ ብዬ፣ ከሩቅ እንደሚታይ
የመብራት ምሰሶ።

«አባዬ፣ ዋና ትችላለህ?» አለች ልጄ ሶልያና።
«ትንሽ» አልኳት። ትንሽ ማለት፣ አቃቂ ወንዝ ሳይጠቁር ገና
ከድልድዩ ሥር የተንቦጫረቅነው ነው።
«እንግዲያው መጀመሪያ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ግዛ» አለችኝ። ልክ ነው።

ከጉምሩኩ አጥር ጀርባ፣ ኑርሁሴን የሚሉት፣
የሐራጅ ዕቃ ነጋዴ፣ ድንኳን፣ ጎማ፣ የሕፃን ጋሪ የሞላበት፣
ሦስት ሳንቃ አወጣልኝ ከቆርቆሮው ጥግ።

አንደኛው ፋይበር ነው። ያበራል እንደ ሙሽራ መኪና፤
በጣቴ ሳንኳኳው «ድም» አለ፣ ደረቱ የጠና።
ወደድኩት፣ አልዋሽም።
ግን እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፤
ሶፋችን እንኳ የገባው በገመድ ነው፣ በበረንዳ፣
ግማሽ ብሎኩ ቆሞ እያየ፣ «ወደ ቀኝ! ወደ ግራ!» እያለ።
ይሄን የት ላስተኛው? ከሚስቴ ጎን?

ሁለተኛው ቀጭን፣ ረጅም፣ አፍንጫው እንደ ወስፌ።
«ይሄ ይሮጣል» አለኝ።
«ወዴት?» አልኩት።
ዕድሜዬን ሙሉ ስሮጥ ኖሬ
ጡረታዬን ለእሽቅድምድም ልስጥ?
ደግሞ አንድ እግሬን ወገቡ ላይ ባሳርፍ
ገና መሬት ላይ ሳለሁ አወዛወዘኝ።

ሦስተኛው አልቆመም፤ ተጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ ነበር፣
እንደ ገጠር ዘመድ ፍራሽ።
«ይነፋል» አለ ኑርሁሴን፣ ትንሽ እንዳፈረ ሰው።
ናቅሁት። የሚነፋ ነገር የማውቀው ፊኛና ጉራ ነው።

«ለምንድን ነው የፈለጉት፣ አባቴ?»
አሰብኩ። መልሱ አንድ አይደለም።
አንዱን እሑድ ቢሾፍቱ፣ ከሚኒባስ ጣሪያ አውርጄው፣
የልጅ ልጄ ከፊት ተቀምጣ እግሯን ነክራ፤
አንዱን ቀን ቆሮሶ ላጠምድ፤
አንዱን ቀን ምንም፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ
ደመና ልቆጥር፣ ያለ ደረሰኝ።

«ኪሎዎት?» «ሰማንያ አራት።»
«ከልጅቱ ጋር?» «መቶ ይሞላል።»
«ታዲያ ስፋቱን ይዩ እንጂ መልኩን ለምን ያያሉ?» አለ፤
ዘርግቶ በስንዝር ለካልኝ፣ አራት ስንዝር ሙሉ።
ከሥሩ ክንፏን አሳየኝ፣ የምትነቀል፣ የምትሰካ፤
ከቁርጭምጭሚት የሚታሰር ገመድም አለው፣
ሰውዬው ቢወድቅ ሳንቃው እንዳይኮበልል።

ከዚያ ፓምፑን አወጣ። እጀታው ሥር፣ ክብ፣ ባለ መስታወት፣
ቀይ መርፌ ያላት፣
ቆጣሪ!
ጎንበስ አልኩ፤ ወገቤ ሥራውን አልረሳም።
«አሥራ አምስት ስትል ያቁሙ» አለኝ።
ዋጋ መከራከሩን እዚያው ረሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከብሎካችን ፊት፣ ሣሩ ላይ ነፋሁት።
ላቤ ጠብ እስኪል ገፋሁ፣ መርፌዋ አሥራ አምስት ላይ ቆመች፤
ማንም የማይከፍልበትን ቁጥር ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው።
ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበት።

ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር፤
ቢጫ ጄሪካን ተደርድሯል እስከ ቦኖው በር።
የምድር ቤቷ ጥላነሽ ባዶውን አንጠልጥላ
ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።
«ጋሽ ድንበሩ፣ ውሃውስ?»
«የእኛ ፈረቃ ሐሙስ ነው» አልኳት፣ አፌ እንደለመደው፣
«የዚህ ግን እሑድ።»
ስቃ ስቃ ሲወጣላት ጄሪካኗን አስቀመጠች፤
«እስቲ ፈቀቅ በል» አለች።

አራት ስንዝር ለሁለት ሰው ጠበብ ይላል።
ግን አልወደቅንም።