ካፖርት በነሐሴ

ነሐሴ ነው፣ ዓጅማን፤ ጥላ እንኳ ያቃጥላል፤
ማላባሪው ሻጭ ግን «እስኪ ልበሺው» ይላል።
ለበስኩት። ላቤ በጀርባዬ እንደ ቧንቧ ወረደ፤
መስታወት ውስጥ ላለችው ለዚያች ሴት ግን በረደ።

«ወዴት ነው?» አለች ትብለጽ፣ ከላይኛው አልጋ ሆና።
«ቻይና።»
«ማን አለሽ?»
«ማንም። ዝም ብዬ ቻይና።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሲመሽም ሲነጋ፣
የሰው ሸሚዝ ስተኩስ፣ ሻንጣ በጉልበት ስዘጋ፣
ለለንደን፣ ለማኒላ ሌላውን ስሸኝ፣
የራሴ መንገድ ግን አንድ ቀን አልታየኝ።
እዚህ ስመጣማ
በደላላ ዝርዝር አሥራ አራተኛ ነበርኩ፤
ተላክሁ እንጂ መቼ ተጓዝኩ።

ደብተሬ ላይ፦
ጥር። ሃርቢን። ወንዙ ረግቶ ሰው ይሄድበታል አሉ።
የሌሊት ባቡር፣ መስኮት ዳር፣ ቢወደድም።
ጓንት፦ ገና።
«ሺዬ ሺዬ» ማለት «አመሰግናለሁ» ነው።
ሌላው ቃል ይቆየኝ፤ ለመግቢያ ይሄ ይበቃል።

ሌሊት ኮሌታውን ገልብጬ ባየው፣
ቻይና የተሠራ፤ ለካ ሀገሩ ነው።
ካውያዬም ከዚያ ነው፣ ነጠላ ጫማዬም፣
የትብለጽ ስልክ፣ አምፖሉ፣ ብርድ ልብሴም።
ስንቱ ባሕር ተሻግሮ ሊጠይቀኝ መጣ፤
እኔ ግን አንድ ቀን ከደጄ ሳልወጣ!
ነውር ነው።
የመጣ ይጠየቃል።

ካፖርቱን ከኤሲው ሥር ሰቀልኩት፤
ብርዱን ረስቶት እንደሆን።