ሰባ ምክንያት

ሱብሂ ተሰግዶ፣ ጎህ ሳይቀድ በቅጡ፣
ሸህ አራጋው ዞረው ወደ እኛ ተቀመጡ።
«ሰው ቢያስቀይምህ፣ ሳትቸኩል በነገር፣
ሰባ ምክንያት ስጠው፣ ከአንድ ጀምረህ ቁጠር።
ሰባው ካልበቃህም፣ ልብህን ጠርጥር።»
ብለው ሳል ያዛቸው። እኛም ጫማችንን
ከደጃፉ ክምር ለየን የየራሳችንን።

ከመስጊዱ ደጃፍ እስከ ወፍጮ ቤቴ፣
አራት መቶ እርምጃ ነው በሚያነክስ ጉልበቴ።
ትምህርቱን እንደ ውሃ በመዳፌ ይዤ፣
እንዳይፈስ እሄዳለሁ ጣቶቼን አያይዤ።
ብዙ ጊዜ ይፈሳል። ገና አስፋልቱን ሳልደርስ
ባጃጅ ጭቃ ይረጨኛል፤
ስድቤ ይሄዳል እስከ እናቱ ድረስ።

ዛሬ ግን አደረስኩት። ማብሪያውን ጫንኩ፤ ሞተሩ አጓራ፤
ትናንት ያንቀላፋው ብናኝ ተነሣ ከእኔው ጋራ።
ከሐይቁ የመጣ ንፋስ በሩን ይመታል።
ወረፋው ረዝሟል፦ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣
የሠርግ፣ የተዝካር፣ የዕለት ጉርስ።

ያኔ ነው ወይዘሮ እንጉዳይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣
ከኪዳን መልስ መሰለኝ፣ ሃያውን ሰው በክርኗ ገፍታ፣
ኬሻዋን ሚዛኔ ላይ ዷ ያደረገችው፣
እንደምን አደርክን ረስታ።
ያለፈው ወር ደግሞ የሁለት ኩንታል ማስፈጫ አለባት።
ምክንያት! አልኩት ልቤን። ቁጠርላት፤ ቁጠርላት።

አንድ፦ እሳት ላይ ጥዳ ይሆናል፣ ልጅ ቤት ጥላ።
ሁለት፦ ጆሮዋ ይከብዳል፤ ሰልፈኛው ሲጮህ አትሰማ ይሆናላ።
ሦስት፦
ሦስት ላይ አሰብኩ። ሦስት ላይ ቆምኩኝ።
ሦስት ላይ ያ የከረመ ዕዳ በጥርሱ ያዘኝ።

«ሰልፉ አይታይሽም? ወይስ ወፍጮው የአባትሽ ነው?»
ከሞተሩ በላይ ጮህኩ።
ሰው ሁሉ ዞረ፤ አንዱ ሳቀ፣ ቅንድቡን ዱቄት ያነጣው።
እሷ ምንም አላለች። ኬሻዋን አነሣች፤
ከሰልፉ ጭራ፣ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።
ስድሳ ስምንቱ ምክንያት ሳልነካቸው ቀሩ፣
እንደ ጥሬ እህል ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀሩ።

ተራዋ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች።
ኬሻውን ፈታሁ። እህል አይደለም።
ዱቄት ነው፤ ትናንት እኔው የፈጨሁት፣ የእጄ ሥራ።
ቀረብ አለችኝ፤ ድምፅዋ ዝቅ፣ ከንፈሯ ከጆሮዬ ጋራ፦
«ጠጠር አለው። ትልቁ ልጄ ቂጣ ሲነክስ ጥርሱ ተሸረፈ።
ሰው ሳይሰማ ልንገርህ ብዬ ነበር መቅደሜ።
ስትጮህ ግን ሁሉም ዞረብን፤ ምን ልበል? ቻልኩት ታግሜ።»

ድንጋዩን የወቀርኩት ትናንት ነው፣ በጥድፊያ፣
አንድ ቁና ፉርሽካ እንኳ ሳላሳልፍበት ለማጥሪያ።
የመጀመሪያዋ ባለተራ እሷ ነበረች።
«ምነው ትናንት አልተቆጣሽ?» አልኳት።
ነጠላዋን አራገፈች፣
«ደክሞህ ይሆናል ብዬ» አለች።

አንድ ብቻ። አንድ ምክንያት በቅቷታል።
ሰባ የሚባል ቁጥር ማንም አልነገራትም።

ከራሴ ጎተራ ማሽላ ሰፈርኩላት፤ ፈጨሁላት።
ልጁን ወደ ጥርስ ሐኪም ውሰጂው አልኩና ብር ጨበጥኩላት፤
እምቢ አለች፤ ኋላ ግማሹን ወሰደች።

ማታ ደብተሬን ገልጬ ከዕዳዋ አንዱን ኩንታል ሰረዝኩ።
ሁለቱንም ልሰርዝ አስቤ ነበር፤ እስክሪብቶዬን ይዤ ዘገየሁ።
መብራት ጨምሯል፤ የሞተሩ ቀበቶም ሳስቷል፤
እነሆ ይህም ልቤ ነው፣ እዚያው ድንጋዩ ሥር ተቀምጧል።

ነገ ሱብሂ ላይ ሸህ አራጋው ሌላ ትምህርት ያነሣሉ፤
ስለ ምላስ ይሁን ስለ ሚዛን፣ እሳቸው ያውቃሉ።
እኔ ገና የዛሬውን አልጨረስኩም።
ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ፣ ሞተሩ ጆሮዬ ውስጥ እያጓራ፣
ካቆምኩበት እቀጥላለሁ፦

ሦስት፦
ምናልባት ልትነግረኝ የመጣችው ነገር ይኖራል።