ተራ አስከባሪው

ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
አባቴ አሊጋዝ ነበር የሚለይ፣ መንገድ ከመንገድ።
«የባቲ ወዲህ! የሐይቅ ወዲያ! የወልድያ ጠብቅ!»
ፊሽካው ሳይነፋ አንድ ጎማ አይነቃነቅ።
ትርፍ የጫነውን ያወርዳል፣ የሰከረውን ይመልሳል፣
ወረፋ የዘለለ ሾፌር በደብተሩ ይከሰሳል።

ሰኞ ነበር፣ የባቲ ገበያ ቀን፣
ፊሽካው ከጣቱ አመለጠ፤
ቀኝ ጎኑ ሆነበት የባዳ ጎን።

ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣
ሐኪሙ ፊልሙን በመብራት ላይ ዘርግቶ ጀመረ መናገር፦
«ታላመስ ይኸውልሽ፣ ከአንጎል ግንድ አናት፣ ከመሐል፣
እንደ ርግብ እንቁላል ጥንድ ሆኖ ይተኛል።
ስሙ በጥንት ግሪኮች አፍ እልፍኝ ማለት ነው።»
(እልፍኝ ያለ አስከልካይ ምንድን ነው?)
ዐይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው፣ ቆዳን የነካ ብርድ ሁሉ
እዚህ ወርዶ ነው የሚሳፈር፣
ለየራሱ በር፣ ለየራሱ መስመር፣
ወደ ቅርፊቱ፣ ወደ ላይኛው አገር።
ላይኛውም ዝም አይል፤ ከተላከለት አብልጦ ይልካል መልስ፦
«ይህን አሳልፍ፣ ያንን አቆይ፣ ያኛው ነገ ይድረስ።»
ዙሪያውን የከበበ ስስ ሽፋን አለው፣
ሲመሽ በሩን ገርበብ የሚያደርገው።
እንቅልፍ የምንለው ያ ነው፤ መናኸሪያው ሲዘጋ፣
ጭነቱ ሳይራገፍ፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ እስኪነጋ።

ከግራው እንቁላል ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ አሳየኝ፤
ግራው ሲታመም ቀኙ ነው የሚከፍለው።
እኔ ግን አባቴ ነበር የታየኝ፣
ከዚያች ምስር ውስጥ ቆሞ፣ ፊሽካው ጠፍቶት፣
ሺህ መኪና ባንድ ጊዜ ሲጮኽበት።

ሦስት ወር። ድንዛዜው ሄደ፤ በምትኩ መጣ እሳት።
ነጠላ ሲነካው ይቃጠላል፣
«ያረቢ! ማነው ፍም የጫነብኝ?» ይላል።
ማንም። መውጫ ሳይቆረጥለት የሚሮጥ ሕመም ነው፣
ከየት እንደተነሣ፣ ማን እንደላከው የማይታወቀው።

ሐኪሙ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ጣል አደረገ፣ እንደ ተራ ነገር፦
«ሽታ ብቻ ነው፣ ከስሜት ሁሉ፣ በእልፍኙ ሳያልፍ የሚሻገር።»
ተራ የማይጠብቅ፣ አጥር ዘሎ የሚገባ፣
አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረ ዓይነት ሌባ!

ትናንት ከመካኒኩ ከሙሄ የናፍጣ ጨርቅ ለመንሁ፣
ገላውን ሳልነካ፣ ካፍንጫው ሥር ያዝሁ።
ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ። ቀኝ እጁ፣ ያ የሚቃጠለው፣
ከጭኑ ጥቂት ተነሣ፣ ፊሽካ እንደያዘ ሰው።
«የወልድያው» አለ፣ «ሞተሩን አስነሥቷል ያለ ተራው።
ተዉት፣
ዛሬስ ይሂድ።»

ደብተሩን አልጠየቀም።