የጆሮ ድንጋይ

ቱርቢዮርን በጠዋት፣ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣
አንድ የዓሣ ራስ ይዞ መጣ፣ «ቁጠሪልኝ» ብሎ።
የቦቲው ውሃ ወለሉን አራሰው፤
ጉኒላ ከበሩ፣ «ደሞ መጣ ያ ሰው!»

ዐሥር ዓመት ሙሉ ነገሩ አንድ ነው፦
«ይህ ኮድ እንግዳ አይደለም፣ ከውጭ ባሕር የመጣ፤
እዚሁ ፊዮርድ ውስጥ ነው፣ ከሣሩ ሥር የወጣ።»
መዝገቡ ግን፣ የዚህ ወሽመጥ ዘር አልቋል ይላል።
ደብዳቤ ይጽፋል። መልስ ይመጣለታል፦
«ስለ አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን።»
ጆሮ ዳባ ልበስ በስዊድንኛ እንዲህ ይባላል።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ፣ ይላል ያገሬ ሰው፤
እኔ ግን ከአናቱ እውነት ነው የማስሰው።
ከአንጎሉ ግርጌ፣ ከስስ ከረጢት ውስጥ፣
ሁለት ነጭ ድንጋይ፣ ከባቄላ ክክ የማይበልጥ፤
ዓሣው ዕድሜውን ያዳመጠበት፣
ማዕበል ከሞተር የለየበት፣
ሽቅብና ቁልቁል ያወቀበት።

አንዱን ሰነጠቅኩት፣ አለዘብኩት፣ መነጽር ሥር አስገባሁት።
የብርሃኑ ወራት ቀለበት ሰፊ ነው፣ ጥጋብ፤
የበረዶው ቀጭን፣ ጨለም ያለ፣ ረኃብ።
ሰባት ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሰባት።
አምስተኛው ላይ ትንሽ ጭረት አለበት።
ምን ነክቶት ይሆን ያን ዓመት? መረብ? ትኩሳት?
ድንጋይ ቀኑን ይጽፋል እንጂ አንደበት የለው ለማስረዳት።

ፎቅ ላይ ያለው ኤስኪል፣ ክሪስታል እንጂ ዓሣ የማይገደው፣
በሌዘር ጨረር፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ነጥብ በነጥብ ወጋው።
«ድሩ ፕሮቲን፣» አለኝ፣ «ማጉ ኖራ፤
ሸማኔውን ከፈለግሽ ምድር ቤት ውረጂ፣ እነ ሲግኔ ጋራ።»
ሲግኔ ጓንቷን ሳታወልቅ፦ «ሸማኔው ሌሊት ማግ ያልቅበታል፤
ድር ብቻ ሲዘረጋ፣ ሲዘረጋ ይነጋል።»

ከዚያ ስትሮንቲየሙ መጣ፣ ስክሪኑ ላይ፣ እንደ ኮረብታ መስመር፤
መሃሉ ላይ ዝቅ ያለ፣ የወንዝ ውሃ የገባበት ባሕር።
ጨው ያነሰበት! የፊዮርዱ አፍ አይደለም፣ ሆዱ ነው፤
ያ ሰውዬ፣ ያ ባለ ቦቲ፣ እውነቱን ነው።

ኬሚስቱ ሃልቫር ግን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፦
«አንድ ዓሣ ምስክር አይሆንም። ሠላሳ ራስ አምጡ።
ከሠላሳ በታች ወሬ ነው።»

ወደብ ወርጄ ነገርኩት። ጀልባው ላይ ነበር፣ መረብ እየጠገነ።
መጀመሪያ ሣቀ። ከዚያ ፊቱ እንደ የካቲት ሰማይ ዳመነ።
«ሠላሳ?» አለ። «ሠላሳ ቢኖሩማ ደብዳቤ ለምን እጽፋለሁ?
አለማለቃቸውን ላስረዳ፣ ጨርሼ አመጣልሻለሁ?»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤
የኔ ዘንዶ ቁጥር ሆነ፣ ሠላሳ ጥርስ ያለው ቁጥር።

«ውሸታም በሉኝ፤ መዝገባችሁ ይጽደቅ።
እታች ያለው ግን፣ ባይታወቅም፣ ይጥለቅ።»
ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልጻፈም።

በግንቦት፣ የሊሴሺል ቀይ ድንጋይ ፀሐይ ሲሞቅ፣
ዕፅዋት አጥኚዋ ቬንዴላ ሣር ተከለች፤
በእጇ፣ አንድ በአንድ፣ ሦስት ሜትር ውሃ ሥር።
ከንፈሯ ጠቁሮ ወጣች። «ምን አየሽ?» አልኳት።
«ጥላ» አለች። «ጣት የምታህል ጥላ።
ካሜራዬን እስክከፍት ሣሩ ዘጋባት።»

ድንጋዩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ በብልቃጥ።
ናሙና፦ አንድ። ዕድሜ፦ ሰባት።
«ማስታወሻ» በሚለው ረድፍ ላይ
እርሳሴን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሣሁ፤
«ጎረቤት አለው» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በላጲስ አጠፋሁት፤ ጥላ አይመዘገብም።
ጠንክሬ ጽፌው ኖሮ ግን ወረቀቱ ጎድጉዷል፤
ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ለሚያየው
ይነበባል።