መጣሁ

ከዘጌ ስመለስ፣ ማዕበል መሀል ሞተሬ ቢቆምብኝ፣
አንድ በቀቀን ነው ጀልባዬ ላይ ዱብ ያለብኝ፤
ክንፉ የተሰበረ፣ ግንባሩ ቢጫ፣
ምንቃሩ የጣት መቁረጫ።
አትጠገብ «ይደር» አለች፤ አደረ፤
ማደሩ ስድስት ክረምት ተሻገረ።

ቸኩሎ የገባ እጅ ደም ነው ትርፉ፤
ነክሶኝ ሲያበቃ ግን ይንቀጠቀጣል ክንፉ።
ቂም መስሎኝ ነበረ፤ ፍርሃት ነው ለካ፤
የኔም ቁጣ ብዙው እንዲሁ ነው ሲለካ።

የዘይቱን ሥጋ ጥሎ ፍሬውን ሲፈለፍል፣
አትጠገብ መጥረጊያ ይዛ «አንተ ወስላታ!» ስትል፣
ስድቧን አልያዘውም።
የባጃጁን ጥሩምባ፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡን፣
የጎረቤት ሬዲዮ፣ አንዱንም አላለም።

ሽምብጥ ሰፈር ሁሉ «ዲዳ ነው» አለ፤ እኔም አመንኩ።
ባለፈው ግንቦት ግን ቁልፌን ረስቼ ተመለስኩ፤
እጄ መዝጊያው ላይ እንዳለ ሰማሁ፣
በገዛ ድምፄ፣ ከውስጥ፦
«መጣሁ… መጣሁ… መጣሁ»።

ወደ ወደቡ ስወጣ የምላት ቃል ናት፣
ጫማዬን እያሰርኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ለአትጠገብ የምጥልላት።
እሱ ትርጉሟ «መሄድ» መስሎታል።
ማን ተሳስቷል ይለዋል?

በሩን ገፋሁና ገባሁ።
አትጠገብ ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል፣
«ደግሞ ምን ረሳህ?»