ስንት ብርድ ልብስ ይሆናል?

ጠባሴ ነው ሱቄ፣ ከአስፋልቱ ዳር፤
ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ አልፎ አልፎም ትርጉም።
ነፋሱ በሬን ሲደበድበው ውሎ ሲያድር፣
እኔ ከማተሚያው ጋር ስታገል፣ ስስቅም፣ ስተክዝም።

የስንዱን ፋይል በቃሌ አውቀዋለሁ፤
ሃያ ሁለት ጊዜ አትሜዋለሁ።
ስሟ እንደ ግብሯ ነው፤ ሁሉ ነገሯ ስንዱ፣
ማስረጃው፣ ፎቶው፣ ማኅተሙ፣ ክላሰሩ ከነገመዱ፤
ያልተሰናዳው ወንበሩ ነው፣ እሱ ብቻ፣ አንዱ።

አራት ዓመት ባሕር ማዶ በነጻ ተምራ፣
ፈቃዷ ባለቀ በሳምንቱ ገባች፣ በሌሊቱ በረራ።
«ሐኪም ልሆን ነው» አለችኝ፤ «ባዮሎጂው ደጃፉ ነው፣ ቤቱ ገና።»
ተቀመጠች፤ መብራት ነበር፤ ጀመርና።

ቅጹ የቤተሰብ ስም ይላል። «ቤተሰብስ ሞልቶኛል» አለች ስቃ፤
አባቷን ጻፍን፤ ጌጤነህ ሆነች፣ ከራሷ ስም ርቃ።
ቅጹ የልደት ዓመት ይላል። በእኛ ዘጠና ሦስት፤ በእነሱ መንዝሬ ባልሞላው ኖሮ፣
ስምንት ዓመት ባስረጀኋት ነበር፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ አፍታ ተቆጥሮ።
ቅጹ ዜግነት ይላል።
እዚህ ላይ ጣቷ ይቆማል።
ዝርዝሩ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ኢትዮጵያ ጋ ሲደርስ፣
ከሥሩ አዲስ ሣጥን ይከፈታል፤
«ማን ይከፍላል?» ይላል።

አንዱ ትምህርት ቤት ጻፈ፦ መቶ ስልሳ ወንበር አለን፤
ከውጭ ዜጋ አምና አንድ ወስደናል፣ ካቻምና ግን አልወሰድን።
ሌላው ጻፈ፦ ብድር የለም። የአራት ዓመቱን ክፍያ
በባንክ አሳዪን አስቀድመሽ፤ እሱ ነው የበሩ መግቢያ።
ስሌቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በብር መነዘርኩት፤
ዜሮው ከስልኬ ገጽ ቢተርፍ፣ ደግሜ ደመርኩት።

አባቷ፣ ጋሽ ጌጤነህ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርተዋል፤
አሁን ጡረታ ናቸው፤ ሱፉ ግን ከደረታቸው መች ወጥቷል?
መጡ አንድ ቀን፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ ጠቅልለው፣
«ስንት ነው አሉ?» አሉኝ፣ በሩን በክርናቸው ከፍተው።
ነገርኳቸው።
ዝም አሉ። ከዚያ፣ «በእኔ ቋንቋ ንገረኝ፤ ስንት ብርድ ልብስ ይሆናል?»
አካፈልኩ። አልኳቸው፦ «ደብረ ብርሃን ለብሶ፣ መንዝ ለብሶ ይተርፋል፤
የቀረውን የጣርማ በር ጉም ይደርበዋል።»
ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ። እስኪያልፍ ጠበቅነው።
ስንዱ ሰዓቷን አየች፤ ልማዷ ነው።

«ለምን ሐኪም?» ይላል ቅጹ፤ ይላል ደግሞ፣ በአጭሩ።
ሱፉን፣ ሌሊቱን፣ ትራስ በትራስ ላይ መደርደሩን፣
አሳምራ ጽፋ ነበር። ማሽኑ ግን «በዛ» አለ፣ ቀላ።
መቶ አሥራ ሁለት ፊደል ትርፍ። እንቀንስ፤ ግን ከየትኛው ገላ?
ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ስንገፋ፣ ስናጠፋ፣
መጨረሻ ላይ አባቷ ወጡ።
የቀረው «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ነው፤ የማንም ሊሆን የሚችል ተስፋ።

የአገልግሎት ሰዓት ስንት? የሆስፒታሉ ሁለት መቶ አርባ፣ ማኅተም አለው።
ትንፋሽ ስትቆጥር ላደረችበት ሌሊት ግን፣ ፈራሚው ማነው?

አሥራ ዘጠኙ «እናዝናለን» አሉ፤ ኀዘናቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ቃል በቃል፤
ሁለቱ እስካሁን ዝም፤ ዝምታም መልስ ይባላል።
አንዱ ግን በጥምቀት ማግሥት መጣ፣ መብራት ሄዶ እንደተመለሰ፤
ሦስታችንም ቆመን አነበብነው፤ ማንም ወንበር አልሳበ፣ ማንም አልተነፈሰ።

«ምን አሉ?»
«ቆዪ አሉ። ተጠባባቂ ነሽ አሉኝ።»
«ቆዪ?» አሉ ጋሽ ጌጤነህ፤ «ፋብሪካውም ሰባት ወር ደጁ ላይ አቁሞኝ
ነው ያስገባኝ።» ቀጥሎ ሳል። ስንዱ ሰዓቷን አየች፤
ሃያ ስምንት፣ ብላ በከንፈሯ ብቻ ነገረችኝ፤
ለእሳቸው ግን አልነገረች።

አተምኩላት። የገጹን ሁለት ብር ከፈለች፤ ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ?
ወረቀቱን ጋሽ ጌጤነህ ያዙት፤ አልፈለጉም ሊያነቡት፤ ከጋቢያቸው ሥር፣ በደረታቸው ጥግ፣
አስገቡት፣ ከማተሚያው እንደወጣ።
«ይሞቃል» አሉ።